ስለ አባቶቻችን ፎቶግራፍና ስለሚያንቀሳቅሰው አዲስ ጥበብ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መሰናዶ ጉባኤ ላይ የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዘመናትን እያፈራረቀ ደብራችንን ጠብቆ ለዚህ ለኢዮቤልዩ በዓል ያደረሰን እግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። የበዓሉ ኮሚቴ በየቤቱ ያለው የቀድሞ ፎቶግራፍ ሁሉ እንዲመጣ ባሳሰበ ጊዜ፥ ከየሣጥኑ ወጥቶና ከየግድግዳው ወርዶ የመጣው ካሰብነው በላይ ሆነ። ይህን ያዩ ወጣቶቻችንም አንድ አሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው በአዲሱ ጥበብ የእነዚህ ያረፉ አባቶችና እናቶች መልክ እንዲንቀሳቀስ፥ ዓይናቸው እንዲርገበገብ፥ ከንፈራቸውም እንዲናገር ተደርጎ፥ በበዓሉ ቀን በአዳራሹ ለሕዝብ ይታይ የሚል ነው። በዚህ አሳብ አንዳንዱ ደስ አለው፤ አንዳንዱም ደነገጠ። ኮሚቴውም ነገሩን ከመቁረጡ በፊት በጉባኤ እንዲመረመር ስለ ወደደ፥ ጥቂት ቃል እንድናገር ታዘዝሁ።

ንግግሬም በአራት ነገር ይከፈላል። መጀመሪያ፥ አባቶቻችን በፎቶግራፍ ፊት እንዴት እንደ ቆሙ፤ ሁለተኛ፥ አዲሱ መኪና ፎቶግራፍን የሚያንቀሳቅሰው በምን ብልሃት እንደ ሆነ፤ ሦስተኛ፥ ከዚህ የሚገኘው ጥቅምና ጉዳት ምን እንደ ሆነ፤ አራተኛ፥ እኛ ምን እናድርግ የሚለው ነው።

አንደኛ፤ ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ከገባ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ለእኛ ቅርብ ከሆኑት ከቀደሙት ሥዕሎች አንዳንዶቹ የተነሡት በሐረር ነው። በ1875 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር የንግድ ቤት ሠራተኛ ሳለ፥ የፎቶግራፍ መኪና ከአገሩ አስመጥቶ የራሱን መልክ አነሣና ለቤተ ሰቦቹ ላከ። ያጠበበት ውሃ ክፉ ስለ ነበረ ሥዕሎቹ እንደ ነጡ ራሱ በደብዳቤው ገልጿል። ድሬዳዋ በዚያን ጊዜ ገና ከተማ አልሆነችም። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ግን፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ነጋዴና ባለሙያ በዚህች ምድር ሰፈረ፤ የፎቶግራፍ ጥበብም ከሌላው ጥበብ ጋራ በባቡር መጣ። በአዲስ አበባም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ነበር፤ ልጆቹም ከእርሱ በኋላ በዚያው ሙያ ነገሥታቱን አገልግለዋል።

አሁን በፊታችን ጠረጴዛ ላይ የተዘረጉትን ፎቶግራፎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ካህኑ ጥምጥማቸውን አሳምረው መስቀላቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እናቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ፥ የአንገቷ ንቅሳትና ማተቧ እየታየ፥ እጇን በልጇ ትከሻ ላይ አኑራለች። የምድር ባቡሩ ሠራተኛ ኮፍያውን አስተካክሎ፥ ጫማውን አስጠርጎ፥ እጁን በወንበር ላይ አድርጓል። ከእነዚህ ሁሉ የሚስቅ የለም። አንደኛው ምክንያት የቀድሞው መኪና ምስሉን እስኪቀበል ድረስ ሰው ሳይነቃነቅ መቆም ስለ ነበረበት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ለእነርሱ በፎቶግራፍ ፊት መቆም በዳኛ ፊት እንደ መቆም ነበረ። ልጅ ልጆቻቸው እንደሚያዩአቸው ያውቁ ነበርና፥ ሊታዩ የወደዱበትን መልክ ራሳቸው መረጡ። ያ ጭምት ፊት የመኪና ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የእነርሱ ቃል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ የሰባት ዓመት ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ በእንግሊዞች እጅ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ሳሉ ሞቱበት። በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል የታወቀች ፎቶግራፍ አንሺ መልኩን አነሣች። በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በዚያው በሰው አገር ዐረፈ። የልጁ ፊት በዚያ ሥዕል ውስጥ ያለውን ኀዘን አይቶ የማይነካ ሰው አይገኝም። እንግዲህ አንድ ሰው ዛሬ መኪናውን አዝዞ ይህን ልጅ ፈገግ ቢያሰኘው፥ አጽናናው ይባላልን? ወይስ ኀዘኑን ሰረቀው? እኔስ ሰረቀው እላለሁ፤ ያ ኀዘን የልጁ ምስክርነት ነበረና።

ሁለተኛ፤ መኪናው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል። የማያውቁት ነገር ወይ እንደ ተአምር ይመለካል፥ ወይ እንደ ጥንቆላ ይፈራል፤ ይህ ግን ሁለቱንም አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. በሩሲያ የሳምሰንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከአንዲት ፎቶግራፍ ወይም ከአንድ ሥዕል ብቻ ተንስቶ ፊትን የሚያናግር ብልሃት አሳዩ፤ ሞና ሊዛ የተባለችው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል ራሷን ስታዘነብልና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ በዓለም ሁሉ ታየች። የካቲት 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማይሄሪቴጅ የሚባለው፥ የትውልድ ሐረግ ለሚፈልጉ ሰዎች የሚሠራው የእስራኤል ኩባንያ፥ ዲ-አይዲ ከተባለው ሌላ ኩባንያ በተገኘ ጥበብ ዲፕ ኖስታልጂያ የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የአያቱን ፎቶግራፍ ያላንቀሳቀሰ አገር የለም ማለት ይቻላል። በእኛም አገር በዐድዋ በዓል ሰሞን አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ በየስልኩ አይተናል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መኪናው አስቀድሞ የብዙ ሺህ ሕያዋን ሰዎችን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይመለከታል፤ ቅንድብ ሲነሣ ግንባር እንዴት እንደሚጨማደድ፥ ራስ ሲዞር ጥላው በጉንጭ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ከዚያ ይማራል። ከዚህ በኋላ የሟቹ ፎቶግራፍ ሲሰጠው፥ አንድ ሌላ ሕያው ሰው አስቀድሞ በመኪና ፊት ያደረገውን እንቅስቃሴ ወስዶ በሟቹ ፊት ላይ ያለብሰዋል። ፎቶግራፉ ያላሳየውን ነገር፥ የተዘጋውን አፍ ጥርስ፥ የተከፈተውን ዓይን ቆብ፥ የዞረውን አንገት ጎን፥ ከተማረው ገምቶ ይሞላዋል። ስለዚህ አያታችሁ ራሷን ስታዘነብል ያያችሁ እንደ ሆነ፥ የምታዩት መልክ የአያታችሁ ነው፤ መዘንበሉ ግን ስሙን የማታውቁት የአንድ እንግዳ ሰው ነው። የምታዩትም ጥርስ የማንም አይደለም።

በቀድሞ ዘመን ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፥ ጋሻውና ጦሩ ተይዞ፥ ካባው ተዘርግቶ ወደ ልቅሶው ሜዳ ይወጣ ነበር። ሕዝቡም ያን እያየ ያለቅስ ነበር። ዛሬም በልቅሶ ላይ የሟቹን ፎቶግራፍ ይዘን እንቆማለን። ነገር ግን ያ ፈረስ የራሱ የሟቹ ፈረስ ነበረ፤ ጋሻውም እርሱ የመከተበት ጋሻ ነበረ። በሌላ ሰው ፈረስ ላይ የእርሱን ካባ ጭኖ ፈረሱ ይህ ነው የሚል አልነበረም።

የመኪናው ግምት ሁሉ ለሁሉ ፊት እኩል እንዳይመስለንም እንጠንቀቅ። በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋራ በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ምርመራ፥ ፊትን አይተው ወንድና ሴትን የሚለዩ የታወቁ ኩባንያዎች መኪናዎች መልካቸው በነጣ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ ያነሰ ሲሆን፥ መልካቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ እንደ ደረሰ አሳይተዋል። ምክንያቱም መኪናው የሚያውቀው ያየውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ያየውን ፊት ጥቂት ያውቀዋል። ያ ምርመራ ስለ ማንቀሳቀስ ባይሆንም ትምህርቱ ለእኛም ነው። የእናቶቻችን ንቅሳት ሲደበዝዝ፥ የካህኑ ጥምጥም ጠርዝ ከራሳቸው ጋራ ሲቀልጥ፥ በእጃቸው ያለው መስቀል ሲጣመም ብናይ አይድነቀን፤ መኪናው እኛን ብዙ አላየንም።

ሦስተኛ፤ እንግዲህ ይህ ሁሉ ክፉ ብቻ ነውን? አይደለም። ጥቅሙን ሳልናገር ጉዳቱን ብቻ ብናገር ፍርዴ የጎደለ ይሆናል።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በከተማችን ላይ ያደረገውን የረሳ በዚህ የለም። ከ200 የሚበልጥ ነፍስ ጠፋ፤ ቤት ከነዕቃው፥ ሣጥን ከነፎቶግራፉ ተወሰደ። ከአንድ ቤት የተረፈው አንዲት ውሃ የነካት ፎቶግራፍ ብቻ የሆነበት ሰው በከተማችን ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለች እናት የልጇን መልክ ለአንድ አፍታ ሲንቀሳቀስ ለማየት ብትወድ፥ በቤቷ ተቀምጣ ብታለቅስና ብትጽናና፥ ማን ይከለክላታል? ማንስ ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድባትም። የደበዘዘውን ሥዕል አጥርቶ ለልጆች ማሳየት፥ ወጣቱም አያቶቹ ሕያዋን ሰዎች እንደ ነበሩ እንዲያስብ ማድረግ መልካም ነው። ወጣቶቻችንን ያነሣሣቸውም ይህ ፍቅር እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ነገር ግን ሁለት ጉዳት አለ።

የመጀመሪያው በኀዘንተኛው ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለኀዘን መውረጃ ደረጃ ሠርታለታለች፤ ሣልስት፥ ሰባት፥ ዐሥራ ሁለት፥ ሠላሳ፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅ፥ ሙት ዓመት እያለች ኀዘንተኛውን እጁን ይዛ ታወርደዋለች። በእያንዳንዱ ቀን ጸሎት አለ፤ ጎረቤት አለ፤ ድሃም ይበላል። የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ግን አርባ የለውም። በማንኛውም ሌሊት በአንድ ጣት ሲነካ እንደ መጀመሪያው ቀን ይነሣል፤ ያም ሰው ብቻውን ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሪያ በቴሌቪዥን አንዲት እናት የሞተች ልጇን በመኪና በተሠራ አምሳል ስታነጋግርና ልትዳስሳት እጇን ስትዘረጋ ታየች፤ እጇም ባዶውን አገኘ። ያዩት ሰዎች ነገሩ ማጽናናት ይሁን ማቍሰል ብለው በዓለም ሁሉ ተከራከሩ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ባየው ሸለቆ አጥንቶቹ ከተገጣጠሙና ሥጋ ከለበሱ በኋላም እስትንፋስ እስኪገባባቸው ድረስ ሕያዋን አልሆኑም። እኛ የምንጠብቀው ትንሣኤ ያ ነው። መኪናው የሚሰጠው እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በእውነት ላይ ነው፤ ይህም የሁላችን ነው። ዲፕ ኖስታልጂያን ያወጣው ኩባንያ ራሱ በመጀመሪያ መሣሪያው ድምፅ እንዳይኖረው ያደረገው ሰዎች ሐሰተኛ ንግግር እንዳይፈጥሩበት ስለ ሰጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሥዕሉን የሚያናግሩ፥ ሟቹ ሕያዋንን ሲያቅፍ የሚያሳዩ መሣሪያዎች በዝተዋል። ዛሬ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ፎቶግራፍ ወስዶ የፈለገውን ቃል በአፋቸው የሚያደርግ ሰው የሚከለክለው መኪና የለም። እርሳቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የሞቱት በአፋቸው ሌላ ሰው የሚወደውን ቃል አልናገርም ስላሉ ነው። በሞቱለት በዚያ አፍ ሌላ ቃል ማኖር ከሐሰት ምስክርነት በምን ይለያል? ሳኦል ሳሙኤልን ከሞት በኋላ ሊያናግረው ወደ ዓይንዶር በሄደ ጊዜ ያገኘው መጽናናት እንዳልሆነ እናውቃለን።

ሰው ስለ ድምፁ መጠንቀቅ ያለበት መሆኑ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ቃሏን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ስትልክ፥ ከተሰማ በኋላ ቅጁ እንዲሰበር አዘዘች። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በፎኖግራፍ መልሰውላታል፤ የእነርሱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። እንግዲህ እውነተኛው የአፄ ምኒልክ ድምፅ ሳለ፥ ልጆቻችን በመኪና የተሠራውን ለምደው እውነተኛውን ቢሰሙ፥ ይህ የእርሳቸው አይደለም ይሉ ይሆናል። የሐሰት ጉዳቱ ራሱ መታመኑ ብቻ አይደለም፤ እውነቱንም ማስካዱ ነው።

ነገሩን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጥልናል። የመጻሕፍት መምህራን ሲያስተምሩ አስቀድሞ ንባቡ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ትርጓሜው ይሰጣል። ትርጓሜው ሌላም መንገድ ያለው እንደ ሆነ አንድም እያሉ ይጨምራሉ። ንባቡን ግን አይፍቁትም፤ ትርጓሜውንም በንባቡ ስፍራ አይጽፉትም። ፎቶግራፍ ንባብ ነው፤ መኪናው የሚጨምረው እንቅስቃሴ ግን ትርጓሜ ነው። ያውም ብዙ ሊሆን ከሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ አባ እንዲህ ፈገግ ብለው ይሆናል፥ አንድም ተቈጥተው ይሆናል፥ አንድም ዝም ብለው ይሆናል። የመኪናው ትልቁ ጉድለት አንድም ማለት አለማወቁ ነው። ግምቱን እንደ ንባብ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ተመልካቹም እንደ ንባብ ይቀበለዋል።

አራተኛ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ? አሳቤን በአምስት ነገር አቀርባለሁ፤ ጉባኤው ይመርምረው።

የመጀመሪያው፥ የመጣው ፎቶግራፍ ሁሉ ፊቱም ጀርባውም፥ ሳይታረምና ቀለም ሳይጨመርበት እንዳለ ይቀዳ፤ ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ፤ ቅጁም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ጎርፍ የወሰደብንን ያየን ሰዎች ነንና ይህን ሌላ አያስተምረንም። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ፈቃድ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፥ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት እንዳሉ ተቀድተዋል፤ የተቀደደው እንደ ተቀደደ፥ የደበዘዘው እንደ ደበዘዘ። አንድም ፊደል አልተጨመረባቸውምና ዛሬ ሊቃውንት ይታመኑባቸዋል።

ሁለተኛው፥ እስከ ዛሬ ከተናገርሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስም ይጻፍ። ከመጡት ፎቶግራፎች መካከል ጀርባቸው ባዶ የሆኑት ይበዛሉ። እኚህ ካህን ማን ናቸው? ይህች እናት የማን እናት ናት? ይህን የሚያውቁት በመካከላችን ያሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ ያንሳሉ። ቤተ ክርስቲያን የሞቱትን የምታስበው በመልካቸው አይደለም፤ በክርስትና ስማቸው ነው። ስሙ የታወቀ ሰው ፎቶግራፍ ባይኖረውም በጸሎት ይታሰባል፤ ፎቶግራፉ ቢንቀሳቀስና ቢስቅ ግን ስሙ የጠፋ እንደ ሆነ ካህኑ ማን ብሎ ይጠራዋል? ስለዚህ ወጣቶቻችን ስልካቸውን ይዘው አስቀድመው ወደ መኪናው ሳይሆን ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት ይሂዱ። በጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ የክርስትናውን ስም፥ የዓለሙን ስም፥ ዘመኑንና ቦታውን ይጻፉ። የሽማግሌውንም ድምፅ ይቅረጹ፤ ያ ድምፅ እውነተኛ ነው።

ሦስተኛው፥ ቤተ ሰብ የራሱን ሟች ሥዕል በቤቱ ሊያንቀሳቅስ ቢወድ የራሱ ፈንታ ነው። በአዳራሽ ለሕዝብ የሚታይ እንደ ሆነ ግን የቤተ ሰቡ ሁሉ ፈቃድ ይጠየቅ፤ አስቀድሞ ፎቶግራፉ እንዳለ ይታይ፤ በሚንቀሳቀሰውም ላይ እንቅስቃሴው በመኪና የተሠራ መሆኑ በግልጥ ይጻፍ። ይህ ጽሕፈት አንድም ማለታችን ነው።

አራተኛው፥ ያረፈ ሰው በመኪና አይናገር። የተናገሩትን ማሰማት ብንወድ የጻፉት ደብዳቤ ይነበብ፤ የሰማ ሰው ይመስክር፤ ሕያው በሕያው አፉ ይናገር።

አምስተኛው፥ ይህ ሁሉ ከቤተ መቅደስ ውጭ ይሁን፤ ቅዱሳት ሥዕላትም በዚህ መኪና አይነኩ። ሠዓሊዎቻችን ጻድቃንን በሁለት ዓይን ፊታቸውን ሙሉ አድርገው፥ ኃጥአንን በአንድ ዓይን በጎን አድርገው የሣሉት በትምህርት ነው። የሥዕሉ ጸጥታ ሊናገር ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ እኛ በፊቱ ቆመን እንድንናገር ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ያሰባችሁት አሳብ ከፍቅር ስለ ሆነ አይጥፋ፤ ወደሚበልጠው ይመለስ እንጂ። እናንተ ያላችሁን የስልክና የኮምፒውተር ጥበብ አባቶቻችሁ አላገኙትም። በዚህ ጥበብ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ስሙን፥ ታሪኩንና የሚያውቀውን ሰው ድምፅ አያይዛችሁ ብታኖሩ፥ የዛሬ ሃምሳ ዓመት በዚህ ደብር የሚሰበሰቡት ልጆች የእኛን ዘመን ሰዎች ሳይሳሳቱ ያውቋቸዋል። እነዚያ አባቶችና እናቶች በመኪና ፊት ሳይነቃነቁ የቆሙት እንድናውቃቸው ነበርና፥ እኛም በስማቸው እንወቃቸው።

እግዚአብሔር አምላካችን ይህን ደብር ያቀኑልንን፥ ስማቸውን የምናውቃቸውንም የማናውቃቸውንም፥ ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም እውነትን የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።